የማጀት ጉድ ከቢቸና እስከ ሞጣ

እህቴ ቢቸና እናታችን ቤት ሳለች የጋገረችው እንጀራ ተበላሽቶባት አያውቅም። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ የሰፈሩ ሴቶች ድግስ ሲመጣባቸው «እስቲ ያችን ልጅ ላኩልን» ይሉ ነበር። ይህችው ባለሙያ ታዲያ ተድራ ሞጣ በገባች በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ አማቷና የባሏ ዘመዶች ሰብሰብ ብለው በተቀመጡበት፣ በአዲሱ ቤቷ የጋገረችውን የመጀመሪያ እንጀራ አቀረበች። መሶቡ ሲከፈት እንጀራው ዓይን የለውም። አንድ ስንኳ! ፊቱ ድፍን፣ ሲቆርሱት እንደ ጎማ የሚሳብ፣ ከመሐሉ ደግሞ ግማሹ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ የቀረ። አማቷ ቆረስ አደረጉና ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያም «ልጄ፣ እናትሽ ማጀት አላስገባችሽም ኖሯል?» አሉ።

ወሬው ቢቸና ሲደርስ እኛ ሳቅን። እናቴ አልሳቀችም፤ ስድቡ የማን እንደሆነ ገብቷታል። እህቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ስልክ አልደወለችም፤ እንግዳ ሲመጣባትም ከጎረቤት እንጀራ እየገዛች ታቀርብ ነበር። በእኛ አገር አዲስ ሙሽራ አንዴ «ሙያ የላትም» ከተባለች ስሙ የልጅ ልጅ አይታም አይለቃት። ይባስ ብሎ እሷም አመነችው፤ «እጄ ቢቸና ቀረ» ማለት ጀመረች። አንዲት ጎረቤቷ «ሰው ዓይን ገብቶብሽ ነው» ብላ ጠበል ልካላታለች። (ዓይን የገባው እሷ ላይ፣ ዓይን ያጣው እንጀራው!)

እኔ ያን ጊዜ ገና የዚህ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። የሰማሁት ነገር ከነከነኝ። እጅ ቢቸና ሊቀር አይችልም፤ አንድ የተለወጠ ነገር መኖር አለበት። ይህ ጽሑፍ ያንን የተለወጠ ነገር ለማስረዳት ይሞክራል። በመንገዱ ላይ ግን የራሴን ጉዶች ሳልናገር የእህቴን ብቻ ባወራ ግፍ ስለሚሆንብኝ አስቀድሜ የኔን ልናዘዝ። ደግሞም ከነሱ የተማርሁት ነገር ለእህቴ ጉዳይ ሳያስፈልገኝ አልቀረም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ጉልባን ነው። ጸሎተ ሐሙስ ነበር። እናቴ ለስግደት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «እሳቱን እያየኸ፣ ውኃ እያከልኸ አቆየኝ» ብላ ድስቱን ለኔ ትታ ወጣች። ባቄላውን ማታ መዘፍዘፍ የኔ ሥራ ነበር፤ ረስቼ አድሬአለሁ። መርሳቴን መናገር ስለፈራሁ ደረቁን ከተትሁት። ውኃው ሲንተከተክ ባየሁ ጊዜ «እሳት በጨመርሁ ቁጥር ቶሎ ይበስላል» ብዬ ጭራሮውን አከታትዬ ማገድሁ። ቤቱ በጢስ ታፈነ፣ ማገዶው አለቀ፣ ውኃውን አምስት ጊዜ ጨመርሁ። ከሰዓት በኋላ አጎቴ ከስግደት ደክመው፣ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ መጡና አንድ እፍኝ ዘግነው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ዝም አልን። አጎቴ ከአፋቸው አንድ ነገር አውጥተው መዳፋቸው ላይ ካዩት በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ጌታችን በዛሬው ዕለት የሐዋርያትን እግር አጠበ እንጂ ጥርስ አላወለቀም።»

ምን ነበር የተሳሳትሁት? እያንዳንዳችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» እያልን ሸምድደናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ናቸው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል፤ ውኃውን ከላይ የሚጫነው ነገር ስለሚቀንስ በ92 ዲግሪ አካባቢ መንተክተክ ይጀምራል። በአንድ የዕረፍት ጊዜ ከጓደኛዬ ቴርሞሜትር ተውሼ የእናቴን ድስት ለክቼአለሁ። 92 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። «ተበላሽቷል» ብዬ ሁለት ጊዜ አራግፌዋለሁ፤ የተበላሸው እኔ የሸመደድሁት ነበር።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ሙቀቱ ከፍ አይልም። የተጨመረው ሙቀት በሙሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ስለዚህ እኔ ያን ሁሉ ጭራሮ የፈጀሁት ባቄላ ለማብሰል ሳይሆን የቢቸናን ሰማይ በእንፋሎት ለመሙላት ነው። ባቄላ የሚለሰልሰው የሴሎቹን ግድግዳ እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን የሚባለው ነገር በሙቀትና በውኃ ሲላቀቅ ነው። ስምንት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግን ብዙ ናት። መተማ ቆላ ያለ ሰው ውኃው 98 አካባቢ ስለሚፈላለት ከኛ ይቀድማል። ባቄላው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቢያድር ኖሮ ውኃው ቀድሞ ውስጡ ስለሚገባ የእሳቱ ሥራ በእጅጉ ይቀልል ነበር። ፕሬዠር ኩከር ያለው ቤት ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር በኛ ከፍታም ቢሆን ሙቀቱን ወደ 115 ዲግሪ ማድረስ ይችላል። እኛ ቤት አልነበረም። ለአጎቴ ጥርስ አልደረሰላቸውም።

የበርበሬውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይተን ስንኖር የመጀመሪያውን ወጥ ለመሥራት ዘይቱን እስኪጤስ አግለን በርበሬውን በደረቁ ገለበጥንበት። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግቢው በሙሉ ሳል በሳል ሆነ። አከራያችን እትዬ «እሳት! እሳት!» እያሉ ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ በር ሮጡ፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ አጥር ዘለሉ። የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ዘይት እንጂ ውኃ አያሟሟውም፤ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከዘይቱ ጢስና ከደቀቀው በርበሬ ጋር አብሮ ወደ አየር ይነሣል። ጉሮሯችን ውስጥ የሚነካው ተቀባይ ደግሞ ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ሲያገኘን የሚቀሰቀሰው ያው ራሱ ነው። (ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ይህን ተቀባይ በ1997 እ.ኤ.አ. ለይተው አሳውቀዋል፤ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።) ስለዚህ እትዬ «እሳት!» ማለታቸው ስሕተት አልነበረም፤ ነርቮቻቸው የነገሯቸውን ነው የተናገሩት። እናቶቻችን በርበሬውን ከቁሌቱ ጋር ጠብ ጠብ እያለ በሚጨመር ውኃ የሚያቁላሉት ለዚህ ነው፤ ውኃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ብዙም አያልፍም።

ሦስተኛው ጉድ በተከሰተበት ቀን የሚያስቅ አልነበረም። እናቴ ለበዓል ሦስት ኪሎ ቅቤ ገዝታ አስቀምጣ ነበር። «ገበያ ደርሼ ስመለስ አነጥረዋለሁ» ብላ ወጣች። እኔ ደግሞ ከጉልባኑ ወዲህ የጎደፈ ስሜን ለማጽዳት ቸኩዬአለሁ። ታናሽ ወንድሜን ረዳት አድርጌ፣ ድስቱን እስከ አፉ በቅቤ ሞልቼ፣ ኮረሪማውን፣ በሶ ብላውን፣ ኮሰረቱን አዘጋጅቼ እሳቱን አነደድሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር አማረ። ቀጥሎ አረፋው መነሣት ጀመረ። «ይገነፍላል» ስል ክዳን ከደንሁበት! ክዳኑ ተነሥቶ ቅቤው በድስቱ ጎን ወርዶ ጉልቻው ላይ ሲደርስ ነበልባሉ ድስቱን ከበበው። ያን ጊዜ ወንድሜ ነፍሱን አያድክማትና አንድ ጣሳ ሙሉ ውኃ ቸለሰበት።

የሆነውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። እሳቱ እንደ ዛፍ ቆመ። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራው ኮርኒስ ጠቆረ፤ የወንድሜ ቅንድብ በአንዲት ቅጽበት ተላጨ። እኔ ሌላ ጣሳ ልቀዳ ስዞር አባቴ ከጓሮ ገባ። አንድ ቃል አልተናገረም። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የሸክላ አክንባሎ አነሣና በድስቱም በእሳቱም ላይ ደፋው። ጸጥ አለ። ከአክንባሎው ሥር ጢስ ብቻ ሲወጣ ቆመን አየን።

ይህን ነገር ሁላችንም ልናውቀው ስለሚገባ ዘርዘር ላድርገው። ለጋ ቅቤ ንጹሕ ስብ አይደለም፤ ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆነው ውኃ ነው፤ ጥቂት የወተት ፕሮቲንና ስኳርም አለበት። ሲሞቅ ውኃው በእንፋሎት መልክ ለማምለጥ ይታገላል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ አረፋውን እንደ ሳሙና ይይዘዋል። ክዳን ስከድንበት የባሰ እንዲገነፍል አደረግሁት፤ አረፋው እንዲፈርስ የሚያደርገው ቀዝቃዛ አየር ነበርና። ውኃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የቅቤው ሙቀት ከመፍያው ነጥብ ብዙ አይርቅም። ውኃው ሲያልቅ ግን የሚያቆመው ስለሌለ ሙቀቱ ወደ ላይ ይጓዛል፤ ከሥር የተቀመጠው ዝቃጭም ማረር ይጀምራል። እናቴ ቅቤ ስታነጥር ዓይኗን ሳይሆን ጆሮዋን ነው የምትጠቀም። «ሲንጫጫ ገና ነው፤ ዝም ሲል አውጣው» ትላለች። ጫጫታው የውኃው ድምፅ ነው። ዝም አለ ማለት ውኃው አለቀ ማለት ነው። ቴርሞሜትር ሳትይዝ የሽግግሩን ነጥብ ታውቀዋለች።

በሚነድ ስብ ላይ ውኃ ሲደፋስ? ውኃ ከስብ ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጣል። እዚያ ከመፍያው ነጥብ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን የሚይዘው ቦታ ከ1600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ይህ ፍንዳታ የሚነደውን ስብ በደቃቅ ነጠብጣብ አድርጎ ወደ አየር ይረጨዋል፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ከኦክስጅን ጋር በዙሪያዋ ትገናኛለች። የወንድሜን ቅንድብ የበላው ይህ ነው። የአባቴ አክንባሎ ደግሞ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ አየሩን ከለከለው። ስለዚህ ድስት ላይ እሳት ከተነሣ መክደን፣ እሳቱን ከሥር ማውጣት፣ እስኪበርድ አለመክፈት። ውኃ በፍጹም! እናቴ ከገበያ ስትመለስ ኮርኒሱን አየች፣ የወንድሜን ፊት አየች፣ ከዚያ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ቅቤው ስንት ተረፈ?»

እንግዲህ ወደ እህቴ ልመለስ። በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ከጉልባኑ የተማርሁትን የከፍታ ነገር ነበር። ግን አያስኬድም፤ ቢቸናና ሞጣ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው። ውኃውም ብርዱም ያው ነው። ቀጥሎ ዱቄቱን ጠረጠርሁ። እሱም አይሆንም፤ ጤፉን ይዛ የሄደችው ከአባቴ ማሳ ነው፤ የእነማይ የዋልካ መሬት ያበቀለው፣ እሷ ቢቸና ስትጋግረው የኖረችው ያው ጤፍ። ማገዶም ቢሆን ባሏ ደረቅ ባሕር ዛፍ አስፈልጦ ከምሮላታል። ታዲያ ምን ተለወጠ? በስልክ አንድ በአንድ ጠየቅኋት።

«ቡሃቃው ምን ዓይነት ነው?»

«አዲስ ነዋ! ሁሉም አዲስ ነው። በሚገባ አጥቤዋለሁ ደግሞ፣ በፈላ ውኃ።»

«ምጣዱስ?»

«አዲስ። ለሠርጉ የተገዛ።»

«እርሾውንስ ከማን አመጣሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ «እርሾ የት አለኝ፤ ቢቸና እኮ ቡሃቃው ላይ ሁልጊዜ ይኖር ነበር» አለችኝ።

በአዲስ ጎጆ ውስጥ ሁሉም ነገር አዲስ መሆኑ ያምራል። እንጀራ ግን አዲስ ቤት አይወድም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሊጡ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማየት ያስፈልጋል። የጤፍ ዱቄት ተቦክቶ ሲቀመጥ በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ፍጥረታት ይሠሩበታል። አንዱ ወገን እርሾ የምንለው ፈንገስ ነው፤ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሠራል። ሌላው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኮምጠጥ የሚያደርገው የነሱ ሥራ ነው። ስቲዋርትና ጌታቸው በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ እንጀራ ባሕርይ ባሳተሙት ጥናት ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የተባለ እርሾ አግኝተዋል፤ ቢ. ኤ. ጋሼ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ፉድ ሳይንስ ላይ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ድርሻ አሳይተዋል። እነዚህ ፍጥረታት በዱቄቱም ላይ በጥቂቱ አሉ። ስለዚህ እርሾ ያልተጨመረበት ሊጥም መቡካቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ከጥቂት ስለሚነሣ ይዘገያል። ካለፈው ቡኮ የቀረ እርሾ ሲጨመርበት ግን ሥራው የሚጀምረው በብዙ ሠራተኛ ነው። እናቴ ቡሃቃዋን አጥባ አታነጻውም፤ ጠርዙ ላይ የደረቀው ሊጥ እንዳለ ይቆያል። እኔ በልጅነቴ ይህን ስንፍና ይመስለኝ ነበር! ለካ የእህቴ «እጅ» ገሚሱ ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ሞጣ ላይ ቡሃቃውን በፈላ ውኃ ስታጥብ ከሱቅ የመጣውን አቧራ ብቻ ሳይሆን ሊረዳት የሚችለውን ሁሉ አጥባ ደፋች። እንደለመደችው በሦስተኛው ቀን ጋገረች፤ ሊጡ ግን ገና ነበር።

የዓይኑን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው በስሕተት ያስረዳል። ዓይን የሚፈጠረው ምጣድ ላይ ነው፤ መነሻው ግን ሊጡ ውስጥ ነው። በደንብ የቦካ ሊጥ ጥቃቅን የካርቦንዳይኦክሳይድ አረፋዎች ይይዛል። የጋለ ምጣድ ላይ ሲዞር ጋዙ ይለጠጣል፣ ውኃውም ወደ እንፋሎት እየተለወጠ እነዚያኑ አረፋዎች መውጫ አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስታርቹ ወዲያው ስለሚረጋ የወጣበት ቀዳዳ ክፍት ይቀራል። ፓርከር፣ መላኩ ኡመታና ፎክስ በ1989 እ.ኤ.አ. እንጀራን በማይክሮስኮፕ መርምረው ስታርቹ ሙሉ በሙሉ እንደሚረጋና ስፖንጅ የመሰለው ቅርጽ በእንፋሎት የተነፋ መሆኑን አሳይተዋል። አረፋ ከሌለ እንፋሎቱ መንገድ ስለማያገኝ ፊቱ ድፍን ይሆናል። አክንባሎው የሚደፋውም ዓይኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተደፋ እንፋሎቱ ተመልሶ ፊቱን ያረጥበዋል።

አብሲቱም የራሱ ሥራ አለው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተወስዶ በውኃ ሲቀቀል ስታርቹ ስለሚረጋ ሊጡን ያያይዘዋል፤ ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውምና ጋዙን የሚይዝለት ይህ ነው። ለፍጥረታቱም ቶሎ የሚበላ ምግብ ይሆናል። እኔ ይህን ለመሞከር ክረምት ላይ ቢቸና ሄጄ አብሲቱን ከእሳት እንዳወረድሁት፣ እየተንተከተከ፣ ሊጡ ላይ ገለበጥሁት። ሲበርድ ጠብቄ ነበር መጨመር የነበረብኝ፤ እጅ የሚችለው ሞቅታ ላይ ሲደርስ። የዚያን ቀን እንጀራ ውሻችንም አሸትቶ ሄደ። እናቴ ሊጡን አይታ «ገደልኸው» አለችኝ። በሳይንስም በአማርኛም ትክክል ናት። በነጋታው ሊጡን በሁለት ማሰሮ ከፍዬ አንዱን ከእርሾ ጋር፣ አንዱን ያለ እርሾ አስቀመጥሁ። እርሾ ያለው በሦስተኛው ቀን ኩፍ ሲል ሌላው እንደተኛ ነበር፤ ሁለት ቀን ዘግይቶ ተነሣ። እህቴ እሑድ ያቀረበችውን እንጀራ ማክሰኞ ብትጋግረው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

የመጣበቁ ጉዳይ የምጣዱ ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ሊጡ እየገባ ይይዘዋል። ሲሟሽ በጋለው ምጣድ ላይ የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሽበታል። የጎመን ዘር ዘይት በሙቀትና በአየር ኦክስጅን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ወደ ፖሊመር ይለወጣሉ፤ ያ ጥቁርና አንጸባራቂ ንጣፍ ቀዳዳውን ይዘጋል። ይህ በአንድ ቀን አይሞላም። የእናቴ ምጣድ ከኔ ዕድሜ ጋር እኩያ ነው። እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ አሟሽታ ነበር የጋገረችው።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የቀረው እርሾውን ሞጣ ማድረስ ነበር። ይህም የኔ ድርሻ ሆነ። እናቴ ከቡሃቃዋ ላይ አጥልላ አንድ ሃይላንድ ሞላችልኝ። «ክዳኑን አላላው» ብላኛለች። እኔ ግን እንዳይፈስ ብዬ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁት፤ ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ደብረ ወርቅን አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን ኮዳው እንደ ድንጋይ ጠጠረ። «ልክፈተው ይሆን?» ብዬ ክዳኑን ገና ስነካው «ጧ!» አለ። ክዳኑ ጣሪያውን መታ፤ እርሾው የአባትን ጋቢ፣ የኔን ፊትና የፊታችንን ወንበር አዳረሰ። ረዳቱ «ምንድን ነው የጫንኸው?» ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ጠላ ነው!» «አረቄ ነው!» እያለ ፍርድ ሰጠ። እኒያ አባት ጋቢያቸውን አሸተቱና «እርሾ ነው፤ ያውም ደኅና እርሾ» አሉ። ይቅርታዬን ከመቀበላቸው በፊት ለማን እንደምወስደው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። የተረፈውን እስከ ሞጣ እሳቸው ናቸው በእጃቸው አቁመው የያዙልኝ።

በኋላ አንድ የክፍሌ ልጅ «የከፍታ ለውጥ ነው ያፈነዳው» ሲል ሰምቼዋለሁ። አይደለም። ደጀን ላይ የተከደነ ባዶ ሃይላንድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ አባይ ድልድይ ሲደርስ የሚጨማደደው በርግጥ በከፍታ ለውጥ ነው። ከቢቸና ሞጣ ግን ያን ያህል ልዩነት የለም። ያፈነዳው እርሾው ራሱ ነው፤ ጭኔ ላይ ሞቆ፣ በመንገዱ ተንጦ፣ መውጫ ያጣ ካርቦንዳይኦክሳይድ። ማለትም በሕይወት ነበረ! ደግሞ እንዲህ ያለ መንገደኛ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም፤ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክና አላስካ የጎረፉ ሰዎች የዳቦ እርሾአቸውን በብርዱ እየጠበቁ ይጓዙ ስለነበር «ሳወርዶ»፣ እንደኛ «ኮምጣጣ ሊጥ» እንደማለት፣ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል።

ከኮዳው የቀረው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነበር። እህቴ በዚያችው አቦካች። ምጣዱን ደግሞ ሦስት ቀን በጎመን ዘር ስታሽ ከረመች። የመጀመሪያው እንጀራ ትንሽ ዓይን አወጣ፣ ጠርዙም ተያዘ። ሁለተኛው ተሻለ። በአራተኛው ቡኮ ላይ ስልክ ደውላ ምንም ሳትል ሳቀች፤ እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ወደ ጓዳ ገባች።

አማቷ ስለዚያ እሑድ ዳግም አላነሡም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። በቀጣዩ ዓመት ጥር ግን የገዛ ልጃቸውን ወደ አዴት ዳሩ። ለሙሽራይቱ ዕቃ ሲሰናዳ አዲሱን ምጣድ ገዝተው ለራሳቸው አስቀሩና የሚጋግሩበትን አሮጌውን በገለባ ጠቅልለው ጫኑላት። ከዚያ ልጅ ልከው ከእህቴ ቤት እርሾ አስቀዱ። ኮዳውን ሲረከቡ አገላብጠው አዩና ክዳኑን በሁለት ጣታቸው አላሉት።